ግንባታው ሲቆም ምድጃው እንዳይቀዘቅዝ

ግንበኛ፣ አናጺ፣ ለሳኝ፣ ቀለም ቀቢ ወይም ባሬላ ተሸካሚ ያለበት ቤት የክረምትን መግባት የሚያውቀው በሰማዩ መጥቆር ብቻ አይደለም፤ በኪስ መሳሳትም ጭምር ነው። ሰኔ ሲጋመስ ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፤ የተለሰነው ግድግዳ ሳይደርቅ ይታጠባል፤ የውጭ ቀለም መቀባት አይቻልም። አሠሪውም «ዝናቡ ይለፍና እንቀጥላለን» ይላል። በሳምንት 6 ቀን ይሠራ የነበረው ባለሙያ 2 ወይም 3 ቀን ካገኘ ዕድለኛ ነው። በቀን ሥራ የምትተዳደረው እናትማ ማልዳ ከሥራው ቦታ ደርሳ፣ ሰማዩን አይታ፣ ባዶ እጇን የምትመለስበት ቀን ይበዛል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የገቢው መሳሳትና የወጪው መብዛት ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ ቁርሱም ምሳውም መክሰሱም ከዚያው ከእናት ጓዳ ነው። ከሰል ይረጥባል፤ ማገዶም ይወደዳል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የዘመን መለወጫው ዶሮና ቅቤ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የምዝገባው ገንዘብ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶም የመስቀል ወጪ ሁሉም በአንድነት «አምጡ» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ነው ብዙ ቤተሰብ ከጎረቤት ተበድሮ፣ ከባለሱቅ በዱቤ ወስዶ፣ የበጋውን ገቢ ገና ሳያገኘው የሚበላው።

ታዲያ ይህ በየዓመቱ ቀኑን ቆጥሮ የሚመጣ ችግር ስለ ሆነ ድንገተኛ ነው ሊባል አይችልም። ቀኑ የታወቀ ችግር ደግሞ አስቀድሞ ሊመከርበት ይገባል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዲሉ፣ ዛሬ ገና ግንቦት ላይ ሳለን ባለሙያው በዚያው በለመደው እጁ በክረምት ምን የጎን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል፣ የቤቱ እመቤትም በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላት አብረን እንመልከት።

ዝናብ ሥራ ይወስዳል፤ ሥራም ያመጣል

በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ይኸው ዝናብ አዲስ ግንባታን ሲያስቆም በአሮጌው ቤት ላይ ግን ብዙ ሥራ ይከፍታል። በበጋ ሳይታይ የቆየው የቆርቆሮ ቀዳዳ አልጋ ላይ ማንጠባጠብ ይጀምራል። በቅጠልና በአቧራ የተሞላው አሸንዳ ውኃውን በግድግዳው ላይ ይለቀዋል። በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተደፈነው ቦይ ጎርፉን ወደ ግቢ ይመልሰዋል። የእንጨት በር በርጥበት አብጦ አልዘጋ ይላል። የጭቃ ቤት ምርጊት ከሥሩ ይፈርሳል።

እነዚህን ሥራዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። የጣራው ለአናጺው፣ የምርጊቱ ለለሳኙ፣ የአሸንዳው ላሜራ መቁረጥና ማጠፍ ለሚያውቅ፣ የቦዩ ደግሞ አካፋ መያዝ ለለመደ ሁሉ የሚሆን ነው። አዲስ ሙያ መማር አይጠይቁም፤ ብዙ መነሻ ገንዘብም አያስፈልጋቸውም። የሚጠይቁት አስቀድሞ መዘጋጀትን ነው። ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ መሠላል ተሸክሞ በር የሚያንኳኳ ባለሙያ በተጨነቀ ደንበኛና በወረደ ዝናብ መካከል ይገባል። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ጥራቱም ዋጋውም የተምታታ ነው።

ከበረዶ አገር የሚገኝ ትምህርት

ሥራ በወቅት ምክንያት የሚቆመው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ክፍሎችና በካናዳ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ይጠጥራል፤ አስፋልት ማንጠፍና አትክልት መንከባከብ ይቆማል፤ የግንብና የጣራ ሥራም ይቀዘቅዛል። የዚያ አገር ባለሙያ ታዲያ በበጋ አሸዋና እንጨት በሚያመላልስበት ፒካፕ መኪናው ፊት ለፊት ሰፊ የብረት መጥረጊያ ይገጥምና፣ እንደ ጥጥ እየወረደ የሚከመረውን በረዶ ከሱቆች፣ ከመሥሪያ ቤቶችና ከመኖሪያ ቤቶች ደጃፍ እየገፋ ያነሣል። ሱቁ ከመከፈቱ፣ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ማለቅ ስላለበት ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን መኪናው ወይም መጥረጊያው አይደለም፤ የውሉ አያያዝ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ባለሙያዎች ደንበኞቻቸውን የሚዋዋሉት በረዶው ከመውረዱ በፊት ነው። ዋጋውም በሦስት ዓይነት መንገድ ይቆረጣል። አንደኛው በተጠረገ ቁጥር የሚከፈል ነው። ሁለተኛው እንደ በረዶው ውፍረት የሚጨምር ነው። ሦስተኛው ደግሞ በረዶው በዛም አነሰም ለወቅቱ በሙሉ አንድ የተወሰነ ዋጋ የሚከፈልበት ነው። ምን ያህል በረዶ ሲከመር ሥራው እንደሚጀመርም በውሉ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ የሚሉ ብዙ ናቸው።

እያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ሥጋት አለው። በተጠረገ ቁጥር ብቻ የተዋዋለ ሰው በረዶው ያነሰ እንደ ሆነ የመጥረጊያው ዕዳ እያለበት ያለ ገቢ ይከርማል። በወቅት የተዋዋለ ደግሞ በረዶው ከመጠን በላይ ከበዛ ሌሊት ከሌሊት እየሠራ፣ ነዳጅና ጨው እየጨረሰ፣ መኪናውን እየጎዳ የሚከፈለው ያው የተቆረጠው ዋጋ ነው። ስለዚህ አስተዋዩ ሁለቱን ያደባልቃል፤ ከደንበኞቹ ከፊሉን በወቅት፣ ከፊሉን በየጊዜው ይዋዋላል። በተጠረገው ቦታ ሰው ተንሸራቶ ቢሰበር ከሚመጣው ክስ ለመዳን መድን የሚገባም አለ። ከውጭ ሲታይ ቀላል የሚመስለው በረዶ መግፋት ይህን ሁሉ ሒሳብ የያዘ ነው።

ይህን ወደ ቤታችን እንመልሰው

የእኛም ባለሙያ ይህንኑ ዘዴ ለዝናቡ ሊያውለው ይችላል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ጣራውን አይቶ፣ የሚጠገነውን ጠግኖ፣ አሸንዳውን ጠርጎ፣ ከዚያም «እስከ መስከረም ድረስ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ አሸንዳውንና ቦዩን አጸዳለሁ» ብሎ ለወቅቱ በሙሉ አንድ ዋጋ መዋዋል ይችላል። ዋጋውም በሁለት ወይም በሦስት ይከፈልና አንዱ በሰኔ፣ አንዱ በሐምሌ፣ የመጨረሻው በጳጉሜን ይሰጠዋል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ደንበኞች ያሉት ቤት ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ቢውል እንኳ ጤፉና ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በድንገት ለሚመጣ የጥገና ጥሪ ደግሞ ለየሥራው ዋጋ ይቆረጥለታል።

የጋራ ቦይ ያላቸው ጎረቤቶች ተነጋግረው ለአንድ ቡድን ሥራውን ቢሰጡ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ለሠራተኞቹ ግን ተደምሮ ደመወዝ ይሆናል። ግንባታ ቦታ ባሬላ ሲሸከሙ የከረሙ 3 ወይም 4 ሴቶች ተሰባስበው ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው። አካፋ፣ የጎማ ቦትና ወፍራም ጓንት ግን የግድ ያስፈልጋል፤ ቦይ ውስጥ ስባሪ ጠርሙስና ቆሻሻ አይጠፋምና። ከቦዩ የወጣውን ደለልም ዳር ላይ ከምሮ መሄድ ድካምን በከንቱ ማፍሰስ ነው፤ የሚቀጥለው ዝናብ ጠርጎ ወደ ቦዩ ይመልሰዋል። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ማድረስ የዋጋው አካል ሆኖ ይታሰብ።

ከጣራ ጥገና ጋር የሚያያዝ ሌላም ሥራ አለ። ከተማችን ውኃ በፈረቃ የሚያገኝባት እንደ መሆኗ መጠን ከጣራ የሚወርደውን ውኃ ማጠራቀም ለእናቶች ትልቅ እፎይታ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,000 ሊትር ውኃ ነው፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዙ 5 በርሜሎችን ይሞላል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ የብዙ ጀሪካን ሸክም ይቀንሳል። አሸንዳ የሚሰቅል ባለሙያ ይህን ሒሳብ ለደንበኛው ቢያስረዳ ሥራ አያጣም። አሸንዳው ወደ መውረጃው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ካልተሰቀለ ግን ውኃው መሐል ላይ ይተኛና ላሜራውን ያዝጋል።

እናንት እናቶችም ይህን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባሉና አይጠራቀሙ። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል፤ ሳይታከም ግን ለመጠጥ አይሁን። በርሜሉም ምንጊዜም ጠበቅ ያለ ክዳን ይኑረው፤ ያልተከደነ በርሜል የትንኝ መራቢያ ከመሆኑም በላይ ለሕፃን ልጅ ሕይወት አስጊ ነው።

ጣራውን ስታሠሩም ሆነ ስትሠሩ

የሚያፈስን ጣራ ለማወቅ ዝናብ መጠበቅ አያሻም። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ መመልከት ነው፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ኮርኒስ ካለው ደግሞ ባለፈው ክረምት የቀረው የውኃ ምልክት ቦታውን ይጠቁማል። የጣራ ሚስማር መመታት ያለበት ውኃ በሚወርድበት በሸለቆው ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ከሥሩም ጎማ ሊኖረው ይገባል። ጎማው የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ሚስማሩ ቢጠብቅም ውኃ ያስገባል። በቀዳዳ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ዋጋ የለውም፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲለጠጥ በብርድ ሲሸበሸብ ሲሚንቶው ይለቃል። በጨርቅ የተለጠፈ ሬንጅም ቢሆን ለጊዜው የሚያገለግል እንጂ ለዓመታት የሚያስተማምን አይደለም፤ ባለሙያው ይህን በግልጽ ለደንበኛው ይንገር። እውነቱን የተነገረው ደንበኛ በሚቀጥለው ግንቦት ራሱ ይጠራዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ሕይወት ይታሰብ። ርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ የዛገና የበሰበሰ ጣራም ይሰበራል። ዝናብ እየዘነበ፣ ነጎድጓድም እየተሰማ ጣራ ላይ መውጣት ጀግንነት አይደለም። መሠላል ሲቆም ቁመቱ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከሥርም የሚይዝ ሰው ይኑር። የመብራት ሽቦ ጣራውን የሚነካ ከሆነ መብራቱ በሚመለከተው ባለሙያ ተቋርጦ ሽቦው ሳይስተካከል ቆርቆሮውን በእጅ መንካት አይገባም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል ተብሎ ልጅን ለእርዳታ ጣራ ላይ ማውጣትም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ደንበኛው «ቶሎ በል» ቢል፣ ገንዘቡም ቢያጓጓ፣ የአንድ ቀን ገቢ የአንድ ዓመት አልጋ አይገባውም። እናቶች ሆይ፣ ባለቤታችሁ መሠላሉን ይዞ ሲወጣ «ከሥር የሚይዝልህ ማን ነው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ከጭቅጭቅ አይቆጠርም።

ቀብዱ፣ ደብተሩና የቤቱ እመቤት

የክረምት የጎን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከስረው በሥራ ማጣት አይደለም፤ በሒሳብ ጉድለት ነው። ባለሙያው ቆርቆሮውንና ሚስማሩን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ሥራውን ይጨርሳል፤ ደንበኛውም «ደመወዝ ስቀበል እከፍልሃለሁ» ይለዋል። እንዲህ ሲሆን የባለሙያው ልጆች ራት ለሌላ ሰው ጣራ ተበደረ ማለት ነው። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ በቀብድ መልክ አስቀድሞ ይከፈል። የሥራው ዓይነት፣ ዋጋውና የመክፈያው ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ለትንሽ ሥራ ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ኋላ ከሚመጣ ጠብ መዳን ነው። ሥራውን በቋሚነት ለመያዝ የሚያስቡም ስለ ንግድ ፈቃድና በማኅበር ስለ መደራጀት በየወረዳቸው ጠይቀው ቢረዱ ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ለመዋዋል ይቀላቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትርፍን ከገቢ የመለየት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል ባለሙያው ለአንድ ጣራ ጥገና 3,000 ብር ተቀበለ እንበል። ለቆርቆሮ፣ ለሚስማርና ለጎማ 1,400 ብር ወጣ። ለማጓጓዣ 200፣ ለረዳቱ 400፣ ለምሳ 100 ብር ተከፈለ። ወጪው ሲደመር 2,100 ብር ነው። ስለዚህ ወደ ቤት የገባው 900 ብር እንጂ 3,000 ብር አይደለም። ከዚህም 900 ብር ውስጥ 100 ብሩ ለመሣሪያ መጠገኛና መተኪያ፣ 300 ብሩ ለመስከረም ወጪ ቢቀመጥ ለዕለት ኑሮ የሚቀረው 500 ብር ነው። 3,000 ብር በኪሱ ያየ ሰው ግን ራሱን እንደ ባለ 3,000 ብር ይቆጥርና ወዳጅ ይጋብዛል፤ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድም መጠጥ ቤት አይጠፋም። በማግስቱ የሚቀጥለውን ሥራ ዕቃ መግዣ ሲያጣ «ገንዘቡ የት ገባ?» ይላል።

በዚህ ቦታ ነው የቤቱ እመቤት ድርሻ ጎልቶ የሚታየው። አንድ ባለ መሥመር ደብተር ይገዛ። በአንድ ወገን የገባው፣ በሌላው ወገን የወጣው፣ ከሥር ደግሞ ገና ያልከፈለ ደንበኛ ስምና ቀን ይጻፍ። ባል ጣራ ላይ በዋለበት ሰዓት ስልክ የምታነሣው፣ «ነገ ሳይሆን ሐሙስ ይመጣልዎታል» ብላ ቀጠሮ የምትይዘው፣ መርካቶ ወርዳ የሚስማርና የጎማ ዋጋ የምታጠያይቀው፣ ያልተከፈለ ገንዘብ በትሕትና የምታስታውሰው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። በብዙ ቤት ግን «እርሷ ቤት ነው የምትውለው» ተብሎ ይታለፋል። ሥራው የሁለት ሰው ሆኖ ገንዘቡ የአንድ ሰው የሚሆንበት ቤት ሒሳቡ የተቃና ነው ማለት አይቻልም።

ስለሆነም ባልና ሚስት ከሰኔ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ስንቱ ለምን እንደሚውል፣ ሳይመካከሩ ሊወጣ የማይችለው ስንት እንደ ሆነ ይስማሙ። ደብተሩንም ሁለቱም ይዩት፤ አንዱ ደብቆ የሚጽፈው ሒሳብ ጥርጣሬን እንጂ ጥሪትን አያመጣም። ማንበብና መጻፍ የከበዳት እናት ብትኖር ከፍ ያለ ልጅ እየጻፈ ያንብብላት፤ ለልጁም ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያገኘው ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው። ዕቁብ የምትጥሉም ብትሆኑ ዕጣው በመስከረም መባቻ እንዲደርሳችሁ ከወዲሁ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋገሩ።

ባል የሌላት፣ ወይም ራሷ የቀን ሠራተኛ የሆነች እናትም ከዚህ ሁሉ ውጭ አይደለችም። ቦይ በማጽዳቱ፣ ምርጊት በማደሱ፣ ቀለም በመቀባቱ እጇ ከወንዱ እጅ አያንስም። ከጓደኞቿ ጋር ስትዋዋል የሥራ ክፍፍሉን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡንም ክፍፍል አስቀድማ ታስጽፍ። እኩል ለሠራ እኩል ይከፈል።

ውድ አንባቢዎች፣ ክረምት ለገበሬው የተስፋ ወቅት ነው፤ የዘራው የሚበቅልበት ነው። ለከተማው ባለሙያ ግን ካልተዘጋጀበት የዕዳ ወቅት ይሆናል። አንድ መሠላል፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ ደብተርና አንድ ስምምነት ይህን ሊለውጡት ይችላሉ። ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ዛሬውኑ የራሳችሁን ጣራ በመመልከት ጀምሩ፤ በእርሱ የሠራችሁትን ያየ ጎረቤት የመጀመሪያው ደንበኛችሁ ይሆናል። የመስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ በብድር ሳይሆን በላባችሁ ዋጋ እንዲገዛ እየተመኘን፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ የቤተሰብ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።